በርሜሉና ያልተከፈተው መጽሐፍ

አጎት ሜርቪን እንደሚሉት፣ አዲሱን መኪና የሸጠላቸው ሰው የተናገረው ይህን ነው፦ «ሲንተቲክ የሚሉትን፣ በፋብሪካ የተቀመመ ዘይት ሞተሩ ውስጥ ያፈሰሰ ሰው፣ ዋስትናውንም አብሮ አፈሰሰ።» ባለቤታቸው አክስት ኡና እንደሚሉት ደግሞ ያው ሰው፣ በዚያው ሰዓት የተናገረው ይህን ነው፦ «ሲንተቲክ ያልሆነ ዘይት ያፈሰሰ ሰው፣ ዋስትናውንም አብሮ አፈሰሰ።» ሰውየው ሲናገር ባልና ሚስቱ በአንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። የሁለቱም ጆሮ ደህና ነው። በሃምሳ ዓመት ትዳራቸውም አንዳች ነገር ተደባብቀው አያውቁም ይባላል፤ ይህ የመጨረሻው ወሬ ግን ኋላ እንደምናየው ጥቂት እርማት ያስፈልገዋል።

ባልና ሚስቱ፣ ማለትም ትረጌንዛዎች፣ በሥጋ አይዛመዱኝም። ከአጥራቸው ማዶ ስላደግሁ አጎትና አክስት እላቸዋለሁ። እኔ ጆሪ እባላለሁ፤ የእርሻ መሣሪያ ጥገና በኮሌጅ ሦስት ዓመት ተምሬ ወደ ከተማችን የተመለስኩ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ይህ ማለት ማጨጃ በተበላሸ ቁጥር ምክርህ ይጠየቃል፤ ከተሰጠ በኋላ ግን የሚሰማው የለም ማለት ነው።

ክርክራቸው ላይ የደረስኩት በአጋጣሚ ነው። ብርዱ ጣት በሚቆረጥምበት በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኛ የከተማው በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች በሕንፃ መሣሪያ መደብሩ በር ላይ ቋሊማ ጠብሰን እየሸጥን ለአዲስ የውሃ ቱቦ መግዣ ገንዘብ እናሰባስብ ነበር። የማገላበጡ ተራ የኔ ነበር። ከጎኔ ግሌኒስ ሽንኩርት ትከትፋለች። ግሌኒስ የከተማዋ ብቸኛ ጋራዥ ባለቤት ናት። የፈነዳ ሞተር ስትፈታ ፊቷ አይለወጥም፤ ሽንኩርት ፊት ግን እንደ ሕፃን ታለቅሳለች።

አጎት ሜርቪን ከመደብሩ ወጡ። በአንድ ብብታቸው የዘይት ማፍሰሻ ገንዳ፣ በሌላው አዲስ ፊልትሮ ይዘዋል። አክስት ኡና አንዲት የታጠፈች ወረቀት ጨብጠው ከኋላቸው ይከተላሉ።

«ጆሪ፣ ሁለት ቋሊማ ስጠን» አሉኝ አጎት ሜርቪን። «ለኔ ሽንኩርቱ ከቋሊማው በላይ፣ ለሷ ከቋሊማው በታች። ከላይ ከሆነ ይወድቃል ትላለች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከዳቦዋ ሲወድቅ አንድ ቀን አላየሁም።»

«ከታች ስለሆነ ነዋ ያላየኸው» አሉ አክስት ኡና።

«ገንዳው ለምንድን ነው፣ አጎቴ?» ስል ጠየቅኳቸው።

«ለአዲሷ መኪና ነዋ! ነገ እሑድ ነው፤ ዘይቷን እቀይርላታለሁ። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ የመኪናዬን ዘይት ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም።»

«ከየትኛው ዘይት ሊያደርጉላት ነው?»

አጎት ሜርቪን ሕፃን ምን ያህል እንደማያውቅ አይቶ የሚያዝን ሰው ዓይነት ፈገግታ ፈገግ አሉ። «ከየትኛው ይለኛል! ከበርሜሉ ነዋ።»

ስለ በርሜሉ አንድ ቃል ልበል። በኛ አካባቢ አጨዳው ሲያልቅ ሦስት አራት ጎረቤት ተባብሮ ትልቅ በርሜል የትራክተር ዘይት ይገዛል። ከዚያ በርሜል የማይጠጣ የለም። ትራክተሩ፣ ማጨጃው፣ የውሃ መሳቢያው፣ የሣር ማጨጃው፣ ሲጢጥ የሚለው የበር ማጠፊያም ከዚያው ይቀዳላቸዋል። አጎት ሜርቪን ጉልበታቸውንም ያሹበታል የሚሉ አሉ። ከሦስት ዓመት በፊት የገብስ እርሻቸውን ለልጃቸው አስረክበው ወደ ከተማ ሲገቡ፣ ለራሴ ብለው ያስቀሩት አንድ ነገር ቢኖር ግማሽ የደረሰው በርሜል ነው። በጋራዣቸው ከአዲሷ መኪና ጎን ቆሟል፤ ከሁለቱ ብርድ ልብስ የለበሰው በርሜሉ ነው።

«እንግዲህ ፍረደን» አሉ አክስት ኡና፤ የሻጩን ሁለት ቃል ከላይ እንደጻፍኩት አንድ በአንድ ነገሩኝ። ቀጥለውም፣ «የዛሬ ሃምሳ ዓመት ለጫጉላችን አገር አቋርጠን ወደ ፐርዝ ከተማ ስንነዳ፣ ዛፍ በሌለበት በናላርቦር በረሃማ ሜዳ መሃል ላይ ሞተሩ ኳ አለና ቀረ። ሙሽራዋ ወደ ቤቷ የተመለሰችው በበግ መኪና ነው።»

«ከፊት ነው የተቀመጥሽው እኮ» አሉ አጎት ሜርቪን።

«በጎቹ ከኋላ ነበሩ። ነፋሱም ከኋላ ነበር።» ወደኔ ዞሩ። «ያን ቀን ማልኩ፣ ልጄ። ዳግመኛ ያን ሜዳ የምሻገረው፣ ቢበላሽ ሌላ ሰው የሚጠየቅበት መኪና ሲኖረኝ ነው አልኩ። ይኸው ሃምሳ ዓመት ጠብቄ የሰባት ዓመት ዋስትና ያለው መኪና አገኘሁ። በመስከረም ልንሄድ ነው። እሱ ግን ነገ ከዚያ በርሜል ሊቀዳለት ተነሥቷል። ከቀዳ፣ እኔ ፐርዝ የምሄደው በዚህ ነው» ብለው ወረቀቷን ዘረጓት። የረጅም መንገድ አውቶቡስ የጉዞ ሰዓት ተጽፎባታል። በአንዱ መነሻ ዙሪያ በቀይ እስክሪብቶ ክብ ተሠርቷል።

አጎት ሜርቪን ወረቀቷን ያላዩ መሰሉ። ከካፖርት ኪሳቸው ግን የጃም ጠርሙስ አወጡ፤ ለምስክርነት ከበርሜሉ የተቀዳ ዘይት ነበረበት። ሁለት ጣታቸውን ነክረው አሻሹና አሸተቱ፤ ወደኔም አፍንጫ አስጠጉት።

«ዘይት ማለት ይህ ነው! ወፍራም፣ የሚይዝ፣ ከመሬት የወጣ። ያንን መደርደሪያ ላይ ያለውን አይቼዋለሁ፤ ውሃ ነው። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው በብልቃጥ የቀመመው ነገር። ትራክተሬ በዚህ ዘይት ዘጠኝ ሺህ ሰዓት ሠርቷል። አንተ ኮሌጅ ሳለህ ይሠራ ነበር፤ ሳትወለድም ይሠራ ነበር።»

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ክርክር ቀላል አልነበረም። ትራክተሩን አውቀዋለሁ፤ ዛሬም ይሠራል። በሥራው የታየን ነገር «የማይረባ» ብሎ የሚጀምር መካሪ ግማሹን ክርክር ገና ሳይጀምር ይሸነፋል። ስለዚህ፣ «ለትራክተሩ ከዚህ የተሻለ ዘይት አልመክርዎትም» አልኳቸው። «ሻጩ ምን እንዳለ ግን እኔ አልነበርኩም። የመኪናው የአጠቃቀም መጽሐፍ ምን ይላል?»

ግሌኒስ መክተፏን አቆመች።

«መጽሐፉ ከነፕላስቲኩ ነው» አሉ አጎት ሜርቪን በኩራት። «ከመጣበት ዕለት ጀምሮ አልተቀደደም። ያልተቀደደ ፕላስቲክ ያለው መኪና ሲሸጥ እንደ አዲስ ይቆጠራል።»

«ሊሸጡት አስበዋል?»

«እኔ? እስክሞት አልሸጠውም!»

አክስት ኡና ወደ መኪናው ሄደው መጽሐፉን ይዘው መጡ። ከግሌኒስ እጅ ቢላዋውን ተቀበሉ፤ ባላቸው «ኧረ ኡና!» ከማለታቸው በፊት ፕላስቲኩ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ።

«በሽንኩርት ቢላዋ!» አሉ አጎት ሜርቪን ዓይናቸውን ሸፍነው።

«ይሸታል እንጂ አይነክስም። አንብብ፣ ጆሪ።»

ቋሊማዎቹን ወደ ዳር ገፋሁና አነበብኩ፦ «በዚህ ሞተር ውስጥ ውፍረቱ ዜሮ ደብልዩ ሃያ የሆነና ከዚህ በታች የተመለከተውን የጥራት ደረጃ የሚያሟላ ዘይት ይጠቀሙ። ከዚህ ውጭ በሆነ ዘይት የሚደርስ ጉዳት በዋስትናው አይሸፈንም። ዘይቱ በየአሥራ ሁለት ወሩ ወይም በየአሥራ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ ቀድሞ በደረሰው ይቀየር። ሥራው በሠለጠነ ባለሙያ ይከናወን፤ ማስረጃው ይቀመጥ።»

«ሲንተቲክ የሚል የታለ?» አሉ አክስት ኡና።

«ሲንተቲክ አይግባ የሚልስ?» አሉ አጎት ሜርቪን።

«ሁለቱም የለም» አልኩ። «መጽሐፉ የዘይቱን ስምም፣ የፋብሪካውንም ስም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቁጥሩንና ደረጃውን ብቻ ነው። ሲንተቲክ ቢሆንም ቁጥሩና ደረጃው ከተገናኘ ዋስትናውን አይነካውም፤ ተራ ዘይትም ቢሆን እንደዚሁ። ነገር ግን በዚህ ቁጥር ተሠርቶ ገበያ ላይ የሚገኘው ሁሉ ማለት ይቻላል ሲንተቲክ ነው። የበርሜሉ ዘይት ቁጥር ስንት ነበር?»

«አሥራ አምስት ደብልዩ አርባ» አሉ እንደ ልጃቸው ስም አሳምረው።

«የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚሄድ ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር ፈጥኖ ይሄዳል። የኋለኛው ሞተሩ ሲግል የሚኖረው ውፍረት ነው። የእርስዎ በሁለቱም በኩል ከተጠየቀው ይወፍራል።»

«ታዲያ ወፍራም መሆኑ መልካም አይደለም? ወፍራም ብርድ ልብስ አይሻልም?»

«ለሚተኛ ሰው ይሻላል። በቀጭን ቧንቧ ለሚሮጥ ነገር ግን አይሻልም። የአዲሱ ሞተር የዘይት መንገዶች ጠባብ ናቸው። ጠዋት ሲያስነሡት ዘይቱ እስኪደርስ ብረቱ ዘይት ሳያገኝ ይፋተጋል።»

አጎት ሜርቪን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዘይት ዘይት ነው። ቁጥር ደግሞ ሰውን ማስከፈያ ነው።»

በዚህ ጊዜ ነው ገብሱ ትዝ ያለኝ። «አጎቴ፣ ገብስስ ገብስ ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እህል መቀበያው ሲሎ ጋ ሲያስረክቡ ማለቴ ነው።»

ፊታቸው ቀላ። ከተማው ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል። አንድ ዓመት ለቢራ ጠማቂ ይሆናል ብለው ያመጡት ገብስ በወንፊት ሲነፋ የቀጫጫው ፍሬ መጠን ከተፈቀደው ጥቂት በልጦ ተገኘና ለከብት መኖ ተብሎ ተመዘገበ። አጎት ሜርቪን የጭነት መኪና መመዘኛው ሚዛን ላይ ቆመው «አልወርድም» ብለው ከኋላቸው አሥራ አንድ የጭነት መኪና አስቁመዋል።

«ያ ገብስ ምንም አልነበረበትም!» አሉ።

«ምንም አልነበረበትም፤ ከብቶቹም ወደውታል። ግን ጠማቂው የሚፈልገው ፍሬው እኩል እኩል የሆነውን ነው፤ አንዱ በቅሎ አንዱ ሳይበቅል እንዳይቀርበት። ሲንተቲክ የሚሉትም እንዲያው ነው። መነሻው ያው ከመሬት የወጣው ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካ ውስጥ ቅንጣቱ እኩል እንዲሆን ተደርጎ ተሠርቷል። ስለዚህ በብርድ ቶሎ አይረጋም፣ በሙቀት ቶሎ አይበላሽም። በርሜልዎ መልካም የመኖ ገብስ ነው። ይህቺ ሞተር ደግሞ ቢራ ጠማቂ ናት። መጽሐፉ የሲሎው ወረቀት ነው፤ ሚዛኑ ላይ ቆመው ቢጮኹም ቁጥሩ አይለወጥም።»

«አምስት ሰዓት ሙሉ ጮኾ አልተለወጠም» አሉ አክስት ኡና።

አጎት ሜርቪን ቋሊማቸውን ገመጡ። ሽንኩርቱ ከላይ ተንሸራቶ ጫማቸው ላይ ወደቀ። አክስት ኡና ጫማውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«የኮሌጅ ምሳሌ ነው» አሉ በመጨረሻ አጎት ሜርቪን። «እኔ በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም።»

ግሌኒስ እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ የነበረው፣ ሥራ ለራሷ የምትለምን እንዳይመስልባት ነው። አሁን ግን ከመኪናዋ ውስጥ ዜሮ ደብልዩ ሃያ ዘይት አምጥታ በባዶ የሰናፍጭ ጠርሙስ ቀዳች። የአጎት ሜርቪንን የጃም ጠርሙስ ተቀበለችና ሁለቱንም ክዳናቸውን አጥብቃ፣ ሎሚናት በምናቀዘቅዝበት ሳጥን ውስጥ በረዶው መሃል ቀበረቻቸው። «ግማሽ ሰዓት» አለች። «እስከዚያ ወይ ቋሊማ ግዙ፣ ወይ ከሰልፉ ውጡ።»

ማንም አልወጣም። እንዲያውም ሰልፉ ረዘመ። አንዱ ለጃሙ፣ አንዱ ለሰናፍጩ ይፎክራል። የውሃ ቱቦው ገቢ እንደዚያ ግማሽ ሰዓት አድጎ አያውቅም።

ጊዜው ሲደርስ ግሌኒስ ሁለቱን ጠርሙሶች በአንድ ጊዜ ገለበጠቻቸው። የሰናፍጩ ጠርሙስ ዘይት ወዲያው ወደ ክዳኑ ወረደ። የጃሙ ጠርሙስ ዘይት፣ ጠዋት ለትምህርት ቤት የተቀሰቀሰ ጎረምሳ ይመስል፣ መጀመሪያ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ አሰበበት፣ ከዚያ እየጎተተ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። «አጎቴ፣ ይህ ፈተና ትንሽ ያጋንናል። የኛ አገር ጠዋት እንደዚህ ሳጥን አይቀዘቅዝም፤ የእርስዎም ዘይት እንዳዩት ቆሞ አልቀረም። ዋናው ምክንያት በረዶው ሳይሆን መጽሐፉ ነው። ሞተሩን የሠራው ሰው ለዚህ ቁጥር ነው የሠራው፤ ዋስትና የሰጠውም ለዚህ ቁጥር ነው።»

አጎት ሜርቪን ግን አልሰሙኝም። የጃም ጠርሙሷን ተቀብለው ወደ ብርሃን ከፍ አደረጓት፤ ዘይቱ እየጎተተ ሲወርድ አዩት። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ወጣ።

«ኡና፣ ያኔም ከበርሜሉ ነበር።»

«ምኑ?»

«የጫጉላችን ጊዜ። ከመነሣታችን በፊት በነበረው ምሽት ዘይቱ ጎድሎ አገኘሁት። ሱቅ ተዘግቶ ነበር። ከአባቴ በርሜል ቀዳሁና ሞላሁት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሙቀቱ ነው፣ ፋብሪካው ነው እልሻለሁ።»

ሰልፉ ሁሉ ዳቦውን ይዞ ቆመ። አክስት ኡና ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ጣሳው ከመቀመጫዬ ሥር ነበራ። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ተረከዜን ሲመታኝ ነው የሄደው። አንድ ቀን ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ።» ወደኔ ዘወር አሉ። «ያ ዘይት ነው ሞተሩን የገደለው?»

«አላውቅም፣ አክስቴ» አልኩ። «ሃምሳ ዓመት የሞላው ሞተር ሳይፈታ ፍርድ አይሰጥበትም። በጊዜው የነበሩ ሞተሮች ብዙ ነገር ይችሉ ነበር። ምናልባትም ሙቀቱ ይሆናል።»

«አየሽ!» አሉ አጎት ሜርቪን።

«ዝም በል፤ ገና ይቅር አላልኩህም።»

አጎት ሜርቪን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የተረቱ ሰው ቢመስሉም አንድ ምሽግ ቀርቷቸው ነበር። «ይሁን። ዘይቱን ልግዛ። ግን እጄ ለምን ተፈጠረ? ነገ እኔው እቀይረዋለሁ።»

«መጽሐፉ የሠለጠነ ባለሙያ ይላል፤ ማስረጃውም ይቀመጥ ይላል» አልኳቸው። «እርስዎ አይችሉም ማለቴ አይደለም። ነገ ሞተሩ አንድ ነገር ቢሆን ግን ‹ማን ቀየረው? በምን ዘይት?› ይሉዎታል። ያን ጊዜ ብርድ ልብስ የለበሰ በርሜል ምስክር አይሆንም። የሸጠላችሁ ድርጅት ጋራዥ የግድ አይደለም፤ የሠለጠነ ሰው፣ ትክክለኛ ዘይትና ፊልትሮ፣ ዝርዝሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ይበቃል።»

ግሌኒስ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «ሰኞ ይምጡና አጠገቤ ይቁሙ፣ አባት። አሮጌው ዘይት ሲወርድ ይዩት፤ ጣትዎን ነክረው ያሽትቱ፤ ‹እንዲህ አይጠበቅም› ብለው ይስደቡኝ። ገንዳዎንም ይዘው ይምጡ፤ የኔ ተሰንጥቋል። ደረሰኙ ላይ ግን የምፈርመው እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ነው እንግዲህ» አሉ አጎት ሜርቪን ነፍስ ዘርተው። «ይህ ሲንተቲክ ያን ያህል ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ሦስት ዓመት አልነካውም!»

«አሥራ ሁለት ወር» አልን ግሌኒስ፣ አክስት ኡናና እኔ በአንድ ድምፅ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ቅዳሜ የተገኘውን ጥቅም ሳልናገር ባልፍ ለቋሊማዎቹ መቃጠል ምክንያት አይኖረኝም። መጽሐፉ ለመነበብ እንጂ በፕላስቲክ ለመኖር አልተጻፈም። ከሻጭ አፍ የሰማነውን ሁላችንም ወደ ልባችን ፈቃድ እናዘነብለዋለን፤ የተጻፈው ግን ለባልም ለሚስትም አንድ ዓይነት ይነበባል። ዘይት ስትመርጥ እጅግ ውዱን መግዛት አይጠበቅብህም፤ ቁጥሩንና ደረጃውን ከመጽሐፉ ጋር አስተያይ፤ ጊዜውን ጠብቅ፤ ደረሰኝህን አስቀምጥ። ይህን ያደረገ ሰው ሞተሩም ይቆይለታል፣ ቢበላሽም ተጠያቂ ያገኛል፣ በአሮጌ ልማዱም ማፈር የለበትም። የትናንቱ በርሜል ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ለሁሉ ይሆናል ማለታችን ነው።

አጎት ሜርቪንም የዋዛ ሰው አይደሉም። የሎሚናቱ ሳጥን ላይ ወጡና ሚዛኑ ላይ በቆሙበት ድምፅ ተናገሩ። «ስሙ! በርሜሉ ዛሬውኑ ወደ ልጄ እርሻ፣ ወደ ትራክተሩ ይመለሳል። መኪናዋ ሰኞ ጠዋት ግሌኒስ ዘንድ ትገባለች። ዜሮ ደብልዩ ሃያ! ደረሰኙ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር ይቀመጣል።» ከዚያ ወርደው ቀስ ብለው፣ «አውቶቡሱ ቀረ፣ ኡና?» አሉ።

አክስት ኡና የአውቶቡሷን ወረቀት አጣጥፈው የእጃቸውን የቋሊማ ቅባት ጠረጉባት። ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸተውን መጽሐፍ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያም እጃቸውን ዘረጉ፤ አጎት ሜርቪን ለይቅርታ የተዘረጋ መስሏቸው ሊጨብጡት ሲሉ፣ አክስት ኡና የባላቸውን መዳፍ ገልብጠው የመኪናውን ቁልፍ ወሰዱና ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እስከ ሜዳው ዳር አንተ ንዳ፤ ከሜዳው ወዲያም እስከ ፐርዝ አንተ ንዳ። ያቺን የዛሬ ሃምሳ ዓመት የቆምንባትን ቦታ ግን ነድቼ የማልፋት እኔ ነኝ።»